የአባቴን ካሴቶች ልጄ እንድትሰማቸው ምን ላድርግ?

ጥያቄ (የዘጌ ልጅ)

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና የአምስት ወር ሕፃን አለኝ።

ያደግኩት ዘጌ ነው። አባቴ ቡና ይዞ ባሕር ዳር ገበያ ሲመጣ አንዳንዴ ካሴት ገዝቶ ይመለሳል። ማታ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራው ቴፕ ይከፍተዋል። ልጅ ሆኜ የከፈተውን ሁሉ እወድ ነበር። ለትምህርት ከተማ ስገባ ግን አፈርኩበት። በ1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር 17 ዓመቴ ነበር። ያኔ ከሬጌ ሌላ ሙዚቃ ያለ አይመስለኝም። አባቴ ማሲንቆ ሲከፍት ክፍሉን ጥዬ እወጣለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወለድኩ። ልጄን ሳባብል ከአፌ የወጣው የእናቴ እሹሩሩ ነው። እንደማስታውሰው እንኳ አላውቅም ነበር። ቀስ በቀስ የአባቴን አምባሰል መፈለግ ጀመርኩ።

አሁን ልጄ በተራዋ እንደኔ ሆናለች። «እማ፣ ይሄን እንቅልፍ የሚያመጣ ዘፈን አጥፊው» ትልና ኢርፎኗን ትሰካለች። ሳላስገድዳት እንዴት ላቅርባት? ሌላው ደግሞ አባቴ 23 ካሴት ሰጥቶኛል። አንዱን ቴፑ በላውና ክሩ ተበጠሰ። የቀሩትን ወደ ፍላሽ መገልበጥ እፈልጋለሁ።

መልስ (የሦስት ልጆች እናት)

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ ከትንሹ ልጀምር። ሕፃን ገና በማኅፀን ሳለ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ድምፅ ይሰማል። በሰሜን አሜሪካ ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት፣ በስድስት ወራቸው የባልካን አገሮችን እንግዳ ምት እንደራሳቸው አገር ምት ለይተው ይሰሙ ነበር። ዓመት ሲሞላቸው ግን ጆሯቸው ወደለመደው አደላ። ስለዚህ አሁን እሹሩሩውን አታቋርጪ። ድምፄ አያምርም ብለሽ በስልክ አትተኪው። የዓለም ጤና ድርጅትም ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመክርም።

ትልቋ ያለችበት ዕድሜ መምረጥ የሚጀመርበት ነው። አንቺም አልፈሽበታል። በጉርምስና የሚሰማ ሙዚቃ ዕድሜ ልክ አብሮ ስለሚኖር የሷን አትንቀፊባት። ጥብቅ መሆን ያለብሽ ኢርፎኑ ላይ ነው። ለልጆች የተቀመጠው ልክ 75 ዴሲቤል፣ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። የስልኩ ድምፅ ከ60 በመቶ እንዳያልፍ አድርጊ።

መልስ (ካሴት ጠጋኝ)

እባክሽ ሌላ ካሴት አሁኑኑ አታስገቢ። መጀመሪያ ቴፑን አጽጂው። ጥጥ በአልኮል ነክረሽ ሄዱን (ከክሩ ላይ ድምፁን የሚያነበውን ብረት) እና ክሩን የሚስበውን ጥቁር ጎማ ጥረጊ። ጥጡ ቡናማ እየሆነ ይወጣል፤ ንጹሕ እስኪሆን ድገሚው። ሲደርቅ፣ ቢጠፋ በማይቆጭሽ ካሴት ሞክሪ።

የጣና ዳር እርጥበት ለካሴት ጠላት ነው። በመስኮቱ በኩል ክሩን እዪው። ነጭ ሻጋታ ካለበት ለብቻው አስቀምጪው፤ ቴፑንም ሌሎቹንም ይበክላል።

ለተበጠሰው፣ ሁለቱን ጫፎች አጋጥመሽ ሄዱን በማይነካው በጀርባው በኩል ቀጭን ስኮች ለጥፊ። ትርፉን በምላጭ ቁረጪ። ከዚያ በእስክሪብቶ ቀስ ብለሽ አጠንጥኚ። እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ ለቅጽበት ቢጠፋም የቀረው ይተርፋል።

ለመገልበጥ ሁለት ጫፉ ጃክ የሆነ ገመድ ይበቃል። አንዱን የቴፑ ኢርፎን መሰኪያ ላይ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ የድምፅ መቀበያ ላይ። አውዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። የቴፑን ድምፅ ግማሽ ላይ አድርጊው፤ ከበዛ ይሰነጠቃል፣ በኋላም አይስተካከልም። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ አቋራጭ የለውም። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶችም ስበሪያቸው። ማንም ሳያውቅ ላዩ ላይ አይቀዳበትም።

መልስ (የድሮ ቆሎ ተማሪ)

ልጄ፣ አባትሽ በሕይወት ካሉ ከካሴቱ በፊት እሳቸው ይቅደሙ። ልጅቱን በጀልባ ዘጌ አድርሻት።

እኔ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ስልቶቹን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ለይቼ ከመስማቴ በፊት መምህሬን ወደድኩ። ሌሊት እሳት ዳር ሲያዜሙ ጋቢያቸው ሥር እገባ ነበር። አራራይ ዛሬም ስሰማ የዚያ ጋቢ ሙቀት ይመጣብኛል። ልጅሽ አምባሰልን ከማን ጋር ታያይዘው? አያቷ «ይሄን ካሴት የገዛሁት እንዲህ በሆነ ቀን ነው» ብለው ቢነግሯት ዘፈኑ ባለቤት ያገኛል። እርግጥ በአንድ ቀን አይሆንም። ለእንቁጣጣሽም ለጥምቀትም ውሰጃት።

መልስ (ክራር ደርዳሪ፣ 19 ዓመት)

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ግን እህቴ፣ እሷስ የምትሰማውን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? የኔ አባት የኔን ዘፈን «ጩኸት» ነበር የሚለው። እኔም የሱን መስማት ተውኩ። አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብሎ «እስቲ ይሄ ምን ይላል?» ሲለኝ ነው የታረቅነው።

እሷ አንድ ትክፈት፣ አንቺ አንድ ክፈቺ። የምትወዳቸው አዲስ የአማርኛ ዘፈኖች ካሉ ብዙዎቹ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰል ወይም ከአንቺሆዬ ቅኝት አይወጡም። ቅኝቱ አንድ የሆነ አሮጌና አዲስ ዘፈን አከታትለሽ አሰሚያት። ክራር ከተገኘ ደግሞ የተቃኘውን ስጫት። ክሮቹ በቅኝቱ ስለተወጠሩ የትኛውንም ብትነካ አያፈነግጥባትም። ለጀማሪ ልጅ ይሄ ትልቅ ደስታ ነው።

ጠያቂዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስድስት ካሴት ገልብጫለሁ። የተበጠሰውም ተጠግኖ ይሠራል። እሑድ ዘጌ ሄደን ነበር። ልጄ አያቷን አምባሰል እንዲከፍት አልጠየቀችውም፤ የራሷን ዘፈን በኢርፎን አሰማችው። አንዱን ጆሮ ለሱ፣ አንዱን ለራሷ። እሱም እስከ መጨረሻው ሰማላት። ከዚያ «የአንተስ?» አለችው። ሦስት ዘፈን ሰምታ ልትጫወት ወጣች። ለኔ ብዙ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሰባተኛው ካሴት ሲዞር ይንጫጫል፤ ድምፁም ይጎተታል። ልቀጥል?

ካሴት ጠጋኝ

አቁሚው። ክሩ ከሽፋኑ ጋር እየታከከ ነው። በካቻቪቴ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ ክሩን ከነጥቅሉ አውጥተሽ ጤነኛ ሽፋን ውስጥ አዛውሪው። የተጣበቀ ከሆነ ግን ራስሽ አትክፈቺው፤ ለሚችል ሰው ስጪ።