መጋቢት ላይ የሚወጡትን እባቦችና እንሽላሊቶች ሳንገድል እንዴት እንያቸው? (ጅማ)

ባለካቡ

ሰላም ቤተሰብ። የምኖረው ጅማ፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት በኩል ነው። ከጓሯችን ጀርባ አሮጌ የድንጋይ ካብ አለ፤ ከካቡ ወዲያ ትንሽ የቡና ማሳና አንድ ትልቅ ዋንዛ። በጋውን ሙሉ ካቡ ላይ ምንም አይታይም። መጋቢት ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ሲያደርግ ግን ነፍስ ይዘራል።

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። 3 ሰዓት ገደማ ቡናዬን ይዤ ወጣ ስል ራሱ ሰማያዊ የሆነ ትልቅ እንሽላሊት ዋንዛው ግንድ ላይ ተለጥፎ አንገቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ከታች ካቡ ላይ ደግሞ ዘይት የተቀቡ የሚመስሉ ሁለት ትናንሾች ፀሐይ ይሞቃሉ። ቡናዬ ቀዘቀዘ። እሁድ ከድንጋዮቹ መሐል ሙሉ የእባብ ቆዳ አገኘሁ፣ ገፎ የጣለው ማለት ነው፣ የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር አብሮ አለ።

ችግሩ ሰፈራችን ውስጥ የታየ ሁሉ ይገደላል። አምና ልጆች አንዲት እስስት በድንጋይ ቀጥቅጠው ሲገድሏት ደርሼ ማትረፍ አልቻልኩም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። እኔ ማየት ነው የምፈልገው። መቼና ከምን ያህል ርቀት ልቀመጥ? የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች ስላሉኝ ጉዳዩን ቀላል አድርጌ አላየውም።

የማና ገበሬ

ወንድሜ፣ ቡና ውስጥ ነው ያረጀሁት። የምታየው ነገር ምክንያት አለው። ዝናቡ መሬቱን ሲያርስ አሸን ይፈላል፤ ክንፍ ያለው ምስጥ ከየጉድጓዱ ሲወጣ አይተሃል መቼም። አሸኑን ሊበላ እንሽላሊቱም ጉርጡም ይወጣል። እነሱን ሊበላ ደግሞ እባቡ። ስለዚህ ማየት ከፈለግህ አሸን በፈላ ማግስት፣ ፀሐይ ድንጋዩን ሞቅ ስታደርገው ውጣ። ራሱ ሰማያዊ የሆነው ወንዱ ነው፤ ያ አንገት መነቅነቅ «ይህ ግንድ የኔ ነው» እንደ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ስማኝ። እባብ የጆሮ ቀዳዳ ባይኖረውም የመሬቱን ንቅናቄ በአካሉ ስለሚያውቅ አብዛኛው ስትመጣ ይሸሻል። እፉኝት አይሸሽም። ቀለሙ ከደረቅ ቅጠል ጋር አንድ ስለሆነ እሱን ተማምኖ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ሰው የሚነደፈውም ሲረግጠው ነው። እኛ ምንጣሮ ስንገባ ቦት ጫማ እናደርጋለን፣ እጃችንን ከማስገባታችን በፊትም በረጅም እንጨት እንነካካለን። ካብ ውስጥ እጅህን አትክተት። ከመሸ በኋላ ያለ ባትሪ ወደዚያ እንዳትሄድ።

ስዊድን ያለሁ የጅማ ልጅ

ይህን ሳነብ አገሬ ገባሁ። እዚህ የሚኖር አንድ የእፉኝት ዘመድ አለ፣ ክረምቱን ሙሉ ውርጭ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፍ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ቀድመው የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው። ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይሰነብታሉ፣ ቆዳቸውን ይገፋሉ፣ ከዚያ ሴቶቹ ይመጣሉ። ሰዉ እነሱን ለማየት ብሎ አቅርቦ ማያ መነጽር ይዞ ጫካ ይሄዳል። በሕግ ስለተጠበቁ ዝም ብሎ መግደል የለም። እኛ ጋ የሚያስወጣቸው የዝናቡ መምጣት እንጂ የበረዶ መቅለጥ አይደለም፤ የማየቱ ዘዴ ግን አንድ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ተቀመጥ። ጥላህ እንዳያርፍባቸው፣ ጥላ ካዩ ይገባሉ። 5 ሜትር ርቀህ ተቀመጥ፣ ከዚያ አትጠጋ። ያየኸውንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፍ፤ ከአንድ ወር በኋላ ራስህ ትገረማለህ።

ስላገኘኸው ቆዳ፦ እባብ የዓይን ቆብ ስለሌለው ነው የዓይኑ ሽፋን አብሮ የሚገፈፈው። ቆዳው ሲወልቅ ስለሚለጠጥም ከእባቡ ይረዝማል፣ ርዝመቱን አይተህ አትደንግጥ።

ሌላም ልበል። እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ፣ እሷም ትሞታለች ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አይደለም። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ልጆቹን ወልዳ እሷም ትሄዳለች። ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችንና ቡና ማሳችን ውስጥ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለ እፉኝት አለ። ሳይንስ ያወቀው በ1970ዎቹ ነው፣ እንደ ፈረንጅ። ጥቁር፣ ቢጫና አረንጓዴው ልክ የቀሚስ ጥለት ነው የሚመስለው። ይሄን ሳናውቅ በዱላ መጨረሳችን ያሳዝነኛል።

የሁለት ልጆች እናት

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ወንድሜ ቡና ለቀማ ላይ እግሩን ተነደፈ። በገመድ ጥብቅ አድርገው አሰሩት፣ በምላጭ በጡት፣ ጥቁር ድንጋይ ለጠፉበት፤ ሐኪም ቤት የደረሰው በማግስቱ ነው። ነፍሱ ተርፋለች፣ እግሩ ግን ዛሬም ያነክሳል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፣ እኔ መሬት ላይ ገመድ ሳይ ልቤ ቀጥ ይላል። ልጅ ባለበት ግቢ እባብ ይኑር የምትሉት እንዴት ነው?

ነርሷ

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ለወንድምሽም አዝናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን በ2017 ትኩረት ካጡ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው የአንቺን ወንድም የመሰሉ ሰዎች ስለበዙ ነው። እግሩን የጎዳው መርዙ ብቻ ላይሆን ይችላል። አጥብቆ ማሰሩና መብጣቱ ራሱ ሥጋ ያበላሻል፣ ጥቁር ድንጋዩም መርዝ አያወጣም።

ሰው ከተነደፈ አታስሩ፣ አትብጡ፣ በአፍ አትምጠጡ። እብጠቱ ሳይመጣ ቀለበትና ጫማ አውልቁ። እግሩን እንደተሰበረ እግር በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉት፣ በእግሩም አታስኬዱት፣ ተሸክማችሁ ውሰዱት። ማርከሻው ሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ቀድሞ ስልክ ደውሎ ይጠይቅ። እባቡን ለመግደል የሚሮጥ ደግሞ ሁለተኛው ተነዳፊ ይሆናል።

ባለካቡ፣ አንተም ማገዶህ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ከሆነ ዛሬውኑ አርቀው። አይጥ ባለበት እባብ ይመጣል። በበርህ ዙሪያ ያለውን ሣር እጨደው፣ እህሉን ክደነው። ካቡ ለእነሱ፣ ደጁ ለልጆችህ ይሁን። እስስት መርዝ የላትም፣ ማንንም አትጎዳም። ይህን ለሰፈር ልጆች በደንብ ንገራቸው።

ባለካቡ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሁለት ልጆች እናት፣ አንቺ ያልሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ በዚያው ቀን ማገዶውን አነሣን። ከካቡ 10 እርምጃ ላይ ነጭ ድንጋዮች ደርድሬያለሁ፤ ልጆቹ ያለ እኔ ያንን አያልፉም።

ሐሙስ ማታ አሸን ፈላ። ዓርብ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ አንድ ቀጭን ቡናማ እባብ ከካቡ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ምላሱን እየላከ ቆየ፣ አራት ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ወደ ቡናው ገባ። አልተነቃነቅሁም። የጎረቤቴ ትልቁ ልጅ፣ አምና ድንጋይ ከወረወሩት አንዱ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ምን እንደማይ ጠየቀኝ። ከአጠገቤ አስቀመጥኩት። እባቡን አላገኘውም፣ ጅራቱ የተቆረጠ እንሽላሊት ግን እሱ ነው ያሳየኝ፤ ከተቆረጠበት አዲስ ጅራት ጥፍር የምታህል ወጥታለች። ነገም እመጣለሁ፣ ስንት እንደጨመረች እናያለን ብሎኝ ሄደ።