ወንድሜ ጉሮሮ ውስጥ ፓፒሎማ ተገኘ፤ ከተነሳ በኋላ ይመለሳል?

ታላቅ እህት (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ድምፁ ከጎረነነ ዓመት አልፎታል፤ ብርድ ነው እያልን ዝንጅብል ስናጠጣው ከረምን። ቀጥሎ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። አስም ነው ተብሎ ቬንቶሊን ተሰጠው፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ባለፈው ሳምንት ከአንገት በላይ ሐኪም በአፍንጫው ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ሲያየው፣ የድምፅ አውታሩ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ ነገር በቅሏል። «ፓፒሎማ ይመስላል፣ ካንሰር አይደለም፣ ግን መነሳት አለበት» ተባልን። እናታችን አንገቱ ሊከፈት ነው ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ያለፈበት ሰው አለ?

ጎርናናው፦ እህቴ አይዞሽ። እኔ 4 ጊዜ ተሠርቶልኛል። አንገት አይከፈትም። ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተው በአፍ በኩል ነው የሚገቡት፤ በሌዘር ወይም በትንሽ መላጫ መሣሪያ ያነሱታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ የመመለስ አመል አለው። የእኔ መጀመሪያ በ5 ወሩ ተመለሰ። አሁን ግን 2 ዓመት ዝም ብሏል። መዝሙር ትቻለሁ፤ ትንፋሼ ግን ሙሉ ነው።

ነርሷ፦ ከአስም ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። አስም በአብዛኛው የሚያፏጨው አየር ሲወጣ ነው፤ ይሄኛው አየር ሲገባ ይጮኻል። ቁጭ ብሎም ከተሰማችሁ፣ ወይም የአንገቱ ስርጉድ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል! አንገት ቀዶ ቱቦ ማስገባት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ሳቢያ በሽታው ወደ ታች ወደ አየር ቧንቧው ሊወርድ ይችላል። የተነሳው ሥጋም ለምርመራ ይላክ። አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር የሚቀየር አለ።

ታላቅ እህት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ትንንሽ ልጆች አሉት፤ ይተላለፍባቸዋል? ኩባያውን ለይተንበታል።

ነርሷ፦ ኧረ መልሱለት! መነሻው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው፤ በተለይ 6 እና 11 የሚባሉት ዓይነቶች። በኩባያ አይተላለፍም። ጋርዳሲል የተባለው ክትባት ሁለቱንም ይከላከላል፤ ስለ ልጆቹ ሐኪሙን ጠይቁ።

የሜሪላንዱ፦ እዚህ አሜሪካ ነሐሴ 2017 ዓ.ም ላይ ፓፕዚሜዎስ የሚባል መድኃኒት ለአዋቂዎች ተፈቅዷል። በ12 ሳምንት ውስጥ 4 ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ብዙ ከተመላለሰበት ይጠቅማችሁ ይሆናል። እሱን እንጠብቅ ብላችሁ ግን ቀዶ ሕክምናውን እንዳታዘገዩ።

ታላቅ እህት፦ ማክሰኞ ይገባል። ኩባያውን መለስኩለት። ሳቀብኝ፣ ያው በዚያች በጎረነነች ድምፁ።