አስቸኳይ፦ የልቀት ሪፖርት ኤክሴሉ #### እያለብኝ ነው፣ ዛሬ 11 ሰዓት መላክ አለበት

ሂሳብ ክፍል (ጠያቂ) — ጠዋት 3:40
ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለ ሆቴል ሂሳብ ክፍል ነኝ። የ2025 የአየር በካይና የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ሪፖርት መሙላት ግዴታ ነው ተብለን ፎርም መጣልን። ሲሠራው የነበረው ባልደረባዬ ሥራ ለቋል፣ ፎርሙ እኔ ላይ ወደቀ። የናፍጣውን ሳስገባ የካርቦን ዓምድ #### ብቻ ያሳየኛል። 18,400 ነው የሞላሁት። ማባዣው ፎርሙ ላይ ያለው ነው። ምን ላድርግ? ካልላክን ቅጣት አለው?

ላጋር — 3:46
እህቴ #### ማለት ቁጥሩ ዓምዱ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። የዓምዱን ጠርዝ ሁለቴ ጠቅ አድርጊው፣ ይሰፋል። ሌላ ችግር የለውም።

ጠያቂ — 3:52
ተባረክ፣ ሰፋ። አሁን 1,363,440,000 ይላል። አሃዱ ኪሎ ነው ይላል ከላይ። ልላከው?

ጋራዥ ልጅ — 3:54
ኧረ አትላኪው! አንድ ቢሊዮን ኪሎ የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው እንጂ ሆቴል አይደለም 😀

ፒያሳ ነኝ — 4:01
ከመሠረቱ ልጠይቅ፣ ይሄን ሪፖርት ማን ነው ግዴታ ያደረገው? የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። መብራታችን ከውኃ ነው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ስላስነሳን ነው የምንጠየቀው? ባትሞሉትስ ምን ይመጣል?

ሕግ አማካሪ — 4:15
ጠያቂዋ ፎርሙ ከማን እንደመጣ አልነገረችንም፣ መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከከተማው አካባቢ ጥበቃ ነው ወይስ ከውጭ ደንበኛ?

በኛ ሕግ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ የማየትና የመጠየቅ ሥልጣን አለው። የአካባቢ መዝገብ አለመያዝና መዝገብ መለወጥም ጥፋት ነው። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንቡ 159/2001 ግን የወጣው ለፋብሪካ ነው፣ ሆቴል ፋብሪካ አይደለም። ስለዚህ "ግዴታ" የሚለውን ቃል ብቻ ይዘን ቅጣት አለ ወይም የለም ማለት አንችልም። ደብዳቤው ላይ የተጠቀሰውን አንብቢልን።

ጠያቂ — 4:22
አውሮፓ ያለ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ቡድኖቹን ሁሌ እኛ ጋር ነው የሚያሳርፈው። ኢሜይሉ "እኛ በሕግ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ስላለብን የ2025 መረጃችሁን እስከ ዛሬ" ይላል። ሁለት ገጽ ነው፣ አንዱ ካርቦን፣ ሁለተኛው ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ሰልፈር፣ ብናኝ። ሁለተኛውን ገና አልነካሁትም።

ሕግ አማካሪ — 4:30
እንግዲህ ተለየ። አስገዳጁ ሕግ የእነሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ትልልቅ ኩባንያዎች የዘላቂነት ሪፖርት እንዲያወጡ መመሪያ አውጥቷል። የመጀመሪያዎቹ የ2024ን መረጃ በ2025 አወጡ፣ ለብዙዎቹ ግን በ2025 በተደረገው ማሻሻያ ጊዜው በሁለት ዓመት ተገፍቷል። ሪፖርቱ የራሳቸውን ጭስ ብቻ ሳይሆን አገልግሎት የሚገዙበትን ድርጅት ልቀትም ይጨምራል፣ ስኮፕ 3 የሚሉት ያ ነው። የናንተ ናፍጣ ለናንተ ስኮፕ 1 (የራስ ልቀት)፣ ለእነሱ ስኮፕ 3 ነው ማለት ነው።

እዚህ ማንም አይቀጣችሁም። የሚይዛችሁ ውላችሁ ነው። ውሉ ውስጥ መረጃ ስለመስጠት የሚል አንቀጽ ካለ አንብቢው። ደግሞም ሁለት ቀን ይጨመርልን ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ በግምት የተሞላ ቁጥር ፈርሞ መላክ ነው የሚያስጠይቀው።

ላጋር — 4:33
#### ካለ ዓምዱን ማስፋት ነው።

የአራት ኪሎ ኬሚስት — 4:50
ልጄ፣ ቢሊዮኑ ከየት እንደመጣ ላሳይሽ። ፎርሙ ላይ ያለው ማባዣ 74,100 ነው አይደል? 18,400ን በ74,100 ብታባዢ ያንቺ ቁጥር ይመጣል። 74,100 ግን የአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንስ ጓድ) የናፍጣ ማባዣ ነው፣ አሃዱም ኪሎ በቴራጁል ነው፣ ቴራጁል የጉልበት መለኪያ ነው። አንቺ ያስገባሽው ሊትር ነው። መጀመሪያ ሊትሩን ወደ ጉልበት መቀየር አለብሽ።

አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ስለዚህ 18,400 ሊትር በ0.84 ሲባዛ 15,456 ኪሎ ናፍጣ ነው፣ 15.456 ቶን። አንድ ቶን ናፍጣ 43 ጊጋጁል አለው፣ ስለዚህ 664.6 ጊጋጁል። በሺህ ስትከፍይው 0.6646 ቴራጁል። አሁን በ74,100 አባዢው፣ 49,247 ኪሎ ይመጣል። ወደ 49.2 ቶን።

ለማረጋገጥ አጭሩ መንገድ አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 2.68 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚለውን መያዝ ነው። ሰው "ከሊትሩ የሚከብድ ጋዝ እንዴት ይወጣል?" ይላል። ካርቦኑ ከአየሩ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው፤ 12 ኪሎ ካርቦን 44 ኪሎ ጋዝ ይሆናል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። 18,400ው ሊትር ነው ወይስ ብር? ከየት ነው ያመጣሽው? የጄኔሬተር ብቻ ነው? የየትኛው ዓመት ነው?

ጠያቂ — 5:05
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! 49.2 ገባልኝ። ሊትር ነው፣ ከመጋዘን ካርድ ላይ ነው የወሰድኩት። የአየር ማረፊያ ሚኒባሱም ከዚሁ በርሜል ይቀዳል፣ ወደ 3,400 ሊትር እሱ ነው። ዓመቱ የ2017 በጀት ዓመት ነው፣ ከሐምሌ እስከ ሰኔ።

የአራት ኪሎ ኬሚስት — 5:12
አየሽ፣ ሁለት ነገር ወጣ። እነሱ የጠየቁት ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31፣ 2025 ነው። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ይጀምርና ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ያበቃል። የበጀት ዓመትሽ ግማሹን ብቻ ነው የሚነካው። ወይ ካርዱን በእነዚህ ቀኖች ቁረጪው፣ ወይ ፎርሙ ላይ "ከሐምሌ 2016 እስከ ሰኔ 2017 ያለ የበጀት ዓመት" ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ዝም ብለሽ 2025 ብለሽ እንዳትልኪ።

ሚኒባሱ ለካርቦን ለውጥ የለውም፣ ናፍጣ ናፍጣ ነው። ለሁለተኛው ገጽ ግን ይለያል፣ ለብቻው አስቀምጪው።

ናፍጣ ቤት — 5:20
ካርዱ የሚጠፋባችሁ ሌሎችም ካላችሁ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2015 ሚያዝያ ጀምሮ ማደያ ላይ የሚከፈለው በዲጂታል ስለሆነ የቴሌብር ታሪኩን ማውጣት ይቻላል። ብሩን ለዋጋ አካፍላችሁ ሊትር ማውጣት ግን ተጠንቀቁ፣ ዋጋው በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚቀየር በየክለሳው ከፋፍላችሁ ነው ማስላት ያለባችሁ። ሰው ብሩን ራሱን ሊትር ብሎ ሲያስገባም አይቻለሁ።

ታሪክ አዋቂ — 5:31
ይህ ነገር ዛሬ የመጣ አይደለም፣ መነሻው ሊታወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሕንድ ቦፓል ላይ የፀረ ተባይ ፋብሪካ ጋዝ አምልጦ በሺዎች ሞቱ። አጠገቡ ይኖሩ የነበሩት ፋብሪካው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቁም ነበር። ከዚያ በኋላ አሜሪካ በ1986 ፋብሪካዎች የሚለቁትን መርዛማ ነገር ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ሕግ አወጣች። በ2003 ስለ በካዮች መዝገብ የኪየቭ ፕሮቶኮል የሚባለው ስምምነት ተፈረመ፣ በ2006 አውሮፓ 91 በካዮችን የሚመዘግብ ደንብ አወጣ። እዚያ መዝገብ ላይ ለመግባት ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት 100,000 ቶን፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ 100 ቶን መድረስ አለበት። አሜሪካ በ2009 ባወጣችው የሙቀት አማቂ ጋዝ ደንብ ደግሞ ለአብዛኛው ድርጅት ወለሉ 25,000 ቶን ነው። ሪፖርት የተጀመረው ጎረቤት የማወቅ መብት አለው ተብሎ ነው። ይህን ሳያውቁ ቁጥር መሙላት ትርጉም የለውም።

ፒያሳ ነኝ — 5:36
ይኸው! ራሳቸው 25,000 እና 100,000 ቶን ካልሞላ አይጠይቁም፣ ከኛ 49 ቶን ይጠይቃሉ። እኔ ያልኩት ይሄንን ነው።

ጋራዥ ልጅ — 5:44
ወንድሜ ካርቦኑን ተወው፣ በእሱ እስማማለሁ። ግን ሁለተኛውን ገጽ እየው። ጄኔሬተር ከነጋ እስከ ማታ ስጠግን የምውል ሰው ነኝ። ብዙዎቹ የጭስ ማውጫቸውን ከኋላ ግቢ፣ ከጎረቤት መስኮት ትይዩ ነው ያወጡት። ጥላሸቱ አውሮፓ አይደርስም፣ ልጅ የሚያሳልለው እዚሁ ነው። አፍንጫው (የናፍጣ መርጫው) ያረጀ፣ ፊልትሩ የተደፈነ ሞተር ጥቁር ሲያጨስ ናፍጣም እየበላባችሁ ነው። ማንም ባይጠይቅ እንኳ ሊትርና የሠራበት ሰዓት መዝግቡ። በሰዓት የሚበላው ሲጨምር አፍንጫው እንዲታይ ጥሩኝም ባትሉ ሌላ ባለሙያ ጥሩ።

ፒያሳ ነኝ — 5:49
በእሱ ልክ ነህ። እኔም የምኖረው ከአንዱ ጄኔሬተር ጀርባ ነው።

ቀዝቃዛ አየር — 6:10
ማንም ኤሲውን አላነሳም! እህት፣ በዓመቱ ውስጥ ጋዝ አስሞልታችኋል? ፎርሙ ላይ "ማቀዝቀዣ" የሚል መስመር ይኖራል፣ ሰው ባዶ ይተወዋል። አር-410ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ አንድ ኪሎው 2,088 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያክላል። 9 ኪሎ ሞልታችሁ ከሆነ 18.8 ቶን ነው፣ ከናፍጣችሁ ሲሶ በላይ። የተሞላው የፈሰሰውን ለመተካት ስለሆነ የተሞላውን ኪሎ ነው የምትጽፊው። የጥገና ደረሰኙ ላይ "ጋዝ ሙሊት" ብቻ ከሆነ ቴክኒሽያኑን ስንት ኪሎ፣ ምን ዓይነት ብለሽ ጠይቂው። አሮጌው አር-22 ከሆነ ግን ድምሩ ውስጥ አይገባም፣ ኦዞንን በሚጠብቀው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ስር ስለሆነ ለብቻው ነው የሚጻፈው።

ዋናው ነገር ግን የሚያፈሰውን ቦታ ሳያስደፍኑ በየስድስት ወሩ አለመሙላት ነው።

ጠያቂ — 6:25
ደረሰኙ ላይ 9 ኪሎ ሳይሆን 6 ኪሎ አር-410ኤ ይላል። እንግዲህ 12.5 ቶን ማለት ነው? የኩሽና ሲሊንደርስ? 4,200 ኪሎ ነው በዓመት። መብራትስ? ሎቢ ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰልም አለ።

የአራት ኪሎ ኬሚስት — 6:41
አዎ፣ 12.5። የሲሊንደሩ ጋዝ በኪሎ 2.98 ነው፣ 4,200 ኪሎው ደግሞ እንዲሁ 12.5 ቶን ይሆናል፣ ሁለቱ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው፣ እንዳትደነግጪ። መብራቱን በኪሎዋት ሰዓት ከቢሉ ላይ ጻፊ። ፎርሙ ላይ የሌላ አገር ማባዣ ተሞልቶ ከሆነ አትቀበዪው፤ የኛ መብራት ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ግን ዜሮም ብለሽ አትጻፊ፣ የኢትዮጵያን ማባዣ ምንጩን ጠቅሰው እንዲልኩልሽ ጠይቂያቸው። የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዛፍ የመጣ ስለሆነ ከድምሩ ውጭ ለብቻው ይጻፋል፣ ሚቴኑ ግን ድምሩ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛው ገጽ። ሰልፈሩን ራስሽ ታወጪዋለሽ፦ የሚኒባሱ 3,400 ሲቀነስ ለጄኔሬተሩ የሚቀረው 15,000 ሊትር 12,600 ኪሎ ነው። ከአቅራቢው የጥራት ወረቀት ላይ የድኙን (የሰልፈሩን) መጠን እዪ። ከሚሊዮን 500 ከሆነ 6.3 ኪሎ ድኝ ነው፣ ሲቃጠል እጥፍ ሆኖ 12.6 ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከሚሊዮን 50 ከሆነ 1.26 ኪሎ ብቻ።

ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከናፍጣው ውስጥ አይሰላም፣ የሚፈጠረው አየሩ ሞተሩ ውስጥ ሲግል ነው። የሞተሩ አምራች ቁጥር ካለ እሱን ውሰጂ። ከሌለ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኤፒ-42 የሚለው ሰነድ፣ ከ600 የፈረስ ጉልበት በታች ላሉ የናፍጣ ሞተሮች፣ በጊጋጁል ወደ 1.9 ኪሎ ይሰጣል። 15,000 ሊትር በዚያ ሰነድ አለካክ 579 ጊጋጁል ገደማ ነው፣ ስለዚህ ወደ 1.1 ቶን። ብናኙ ወደ 77 ኪሎ። ማባዣው ለቆዩ ሞተሮች የተሠራ ስለሆነ "ግምት፣ ኤፒ-42" ብለሽ አጠገቡ ጻፊ። ሚኒባሱን በዚህ እንዳታሰይው፣ የመኪና ማባዣ ሌላ ነው።

ጋራዥ ልጅ — 6:48
77 ኪሎ ጥላሸት ከአንድ ግቢ። ጋሼ ይሄን ቁጥር ለአሠሪዎቼ ሁሉ አሳያለሁ።

ላጋር — 6:55
ኤክሴሉን ዘግተሽ ብትከፍችውስ?

ሕግ አማካሪ — 7:20
ጠያቂ፣ ስትልኪ የመጋዘን ካርዱንና የኤሲ ደረሰኙን ኮፒ ከፎርሙ ጋር ፋይል አድርጊ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ይተካሻል፣ ከዜሮ እንዳይጀምር። የከተማው ተቆጣጣሪ ቢመጣም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ዳቦ ቤት ልደታ — 9:05
ይቅርታ ክሩ ውስጥ ገባሁ። እኛም ለአንድ ድርጅት ዳቦ ስለምናቀርብ ተመሳሳይ ፎርም መጥቶልናል። ምድጃችን በባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ዜሮ ነው ብለው የነገሩን አሉ፣ እውነት ነው?

የአራት ኪሎ ኬሚስት — 9:30
ዜሮ አይደለም። አንድ ቶን እንጨት ወደ 1,750 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ እሱ ከድምሩ ውጭ ለብቻው ይጻፋል። ድምሩ ውስጥ የሚገባው ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፣ በአይፒሲሲ የንግድ ቤቶች ማባዣ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመነዘር፣ በቶን እንጨት ወደ 148 ኪሎ ይደርሳል። እንጨቱን የምትገዙት በጭነት ከሆነ አንዱን ጭነት በሚዛን አስመዝኑት፣ እርጥብ ነው ደረቅ የሚለውንም ጻፉ። ብናኙ ግን ከጄኔሬተሩም ሊብስ ይችላል፤ ጭስ ማውጫችሁ ስንት ሜትር ነው? ጋጋሪዎቹስ የሚቆሙት የት ነው?

ዳቦ ቤት ልደታ — 9:41
ጭስ ማውጫው ከጣሪያው ትንሽ ነው የሚያልፈው። ጋጋሪዎቹ አፉ ላይ ናቸው። ነገ ለክቼ እጽፋለሁ።

የአራት ኪሎ ኬሚስት — 11:50
ጠያቂዋ፣ ላክሽው ወይስ ቀን አስጨመርሽ? የቀኑን ነገር ካላስተካከልሽ አሁንም ደውለሽ ንገሪያቸው።