የቀረችኝን አንድ ሚድዋይፍ እንዴት ላቆያት?

በገጠር ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል አስተባባሪ ነኝ። ከእኔ ጋር አምስት ሚድዋይፎች ነበርን። በአንድ ዓመት ተኩል ሦስቱ ለቀቁ። አንዷ ወደ ግል ክሊኒክ ሄደች፣ አንዱ ተዛወረ፣ ሦስተኛዋ ሙያውን ትታ ሱቅ ከፈተች። በወር ወደ 40 እናቶች እናዋልዳለን። አሁን ከባልደረባዬ ጋር 24 ሰዓት እየተፈራረቅን ነው።

የዱቲ (የትርፍ ሰዓት ተረኝነት) ክፍያ የአራት ወር ውዝፍ አለ። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅን፤ መልሱ «በጀት የለም» ነው። የተረኛ ክፍሉን አስጠገንኩ፣ አልጋ አስገባሁ። የድንገተኛ ወሊድ ሕክምና ሥልጠና በተራ እንዲሄዱም አደረግሁ። የሠለጠነችው ግን ሰርተፊኬቷን ይዛ በሁለት ወሯ ለቀቀች (ሳቄም መጣ፣ እንባዬም)።

ስትሄድ ያለችኝ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ «ብሩ ብቻ አይደለም። ሌሊት ደም የሚፈሳት እናት ይዤ አምቡላንስ ስጠብቅ አጠገቤ ማንም የለም።» ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ባለፈው ሳምንት የቀረችው ልጅም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠየቀችኝ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እንደኔ በጀት በእጃችሁ ሳይኖር፣ የሌሊት ተረኛዋ ብቻዋን እንዳትሆን ምን አደረጋችሁ?