አስቸኳይ! ጠመንጃዬ ሳተብኝ፣ ቀበሮዋ ደግሞ ዛሬ ማታ ትመጣለች

የበጎቹ ጌታ፦
ሰላም ወገን። ቶሎ የሚመልስልኝ ካለ ውለታው አይረሳኝም፤ ለመምሸት 4 ሰዓት ብቻ ነው የቀረው። ቀበሮ በሁለት ሌሊት 3 ግልገል ፈጅታብኛለች። ፈቃዱን ጨርሻለሁ፣ የማደፍጥበትንም ቦታ መርጫለሁ። ጠዋት ለማንኛውም ልሞክረው ብዬ ካርቶን ላይ ብተኩስ ጠመንጃው የሌላ ሰው ጠመንጃ ሆኖ ቁጭ አለ። ወደ ቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ባለፈው ወር እኮ ሳንቲም ይመታ ነበር! ስኮፑ (ማነጣጠሪያ መነጽሩ) ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ጠመንጃ የለኝም።

ባለ ብሎኑ፦
ብሎን ነው። የስኮፑን መያዣ ብሎኖች አጥብቅ። አለቀ።

ሳቂታው፦
20 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ አልምና ተኩስ። ቀጣይ ጥያቄ?

ጋሽ ዝምታ፦
ልጄ፣ ቀልዱን ተወውና እነዚህን መልስልኝ። ርቀቱ ስንት ነበር? ስንት ጥይት ተኮስክ? ጠመንጃው ወድቋል? ጥይቱ የድሮው ነው? ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ነው ያረፉት ወይስ ተበታትነው? ከሁሉም የምፈልገው የመጨረሻውን ነው። ተሰብስበው ቦታ ብቻ ከቀየሩ የስኮፑ ማስተካከያ ተነክቷል፣ ቀላል ነው። ከተበታተኑ ግን የላላ ወይም ያልተስማማ ነገር አለ፤ ስኮፑን ብታዞረው ብታዞረው አይድንም።

የበጎቹ ጌታ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። 100 ሜትር ነው። 5 ተኮስኩ። አልወደቀም። ማለቴ ከመኪናው ላይ ተንሸራትቶ ነበር፤ ግን ቦርሳው ውስጥ ነበር፣ እሱ አይቆጠርም። ጥይቱም ያው ነው፣ መጠኑ .223። እኔ የምፈልገው ስኮፑ መቀየር አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ነው።

ባለ ብሎኑ፦
ይኸው ወድቋል! ብሎን ነው አላልኩም?

ተመራማሪው፦
ይቅርታ፣ ከስኮፑ በፊት አንድ መሠረታዊ ነገር። «ቀበሮ» ስትል የትኛውን ነው? በአማርኛችን አንድ ስም ለብዙ አውሬ እንሰጣለን። ባለ ጥቁር ጀርባው አለ። ባለ ጎነ ሰንበሩ አለ። የአፍሪካ ወርቃማ ቀበሮ ይባል የነበረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የዘረመል ጥናት ከእስያው ቀበሮ የተለየና ለተኩላ የሚቀርብ ሆኖ ተገኝቷል። ቀይ ቀበሮማ ጭራሽ ሌላ ነው። በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ብቻ ነው፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ምግቡም በአብዛኛው ፍልፈልና አይጥ ነው። በሌሊት፣ በመብራት፣ የምታየው ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ነው። ዓይን ስም የለውም። ሙሉ አካሉን አይተህ ምን እንደሆነ በአፍህ መናገር ካልቻልክ ጣትህ ቃታው ላይ ምን ይሠራል? አደን ማለት መጀመሪያ ማወቅ ነው፣ ቀጥሎ መታገስ ነው፣ መተኮስ...

የበጎቹ ጌታ፦
ወንድሜ ተባረክ፣ ግን ጥያቄዬ ስለ ስኮፕ ነው። 4 ሰዓት አሁን 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

አቋራጭ፦
ምን አደከመህ? የሞተችው ግልገል ላይ መርዝ አድርግና ተኛ።

እረኛዋ፦
አቋራጭ፣ ይሄን ምክር ለራስህ አስቀምጠው። መርዝ አድራሻ አይጠይቅም። የጎረቤት ውሻ ይበላል፣ ጥንብ አንሳ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ቦትስዋና ውስጥ 3 የተመረዙ የዝሆን ሬሳዎች 537 ጥንብ አንሳ ጨርሰዋል። አንዲት ቀበሮ ለመግደል ስንት ነፍስ ልታጠፋ ነው?

አንተ ደግሞ የበጎቹ ጌታ፣ አንድ ልጠይቅህ። ግልገሎቹ እንዴት ሆነው ነው የተገኙት? የት ተነከሱ? ተበልተዋል?

የበጎቹ ጌታ፦
አልተበሉም ማለት ይቻላል። የኋላ እግራቸው ተዘልዝሏል። የአንዷ ጆሮ ተቆርጧል። አንገታቸው ደህና ነው። ለምን?

እረኛዋ፦
ፈርቼው ነበር። ቀበሮ ብዙውን ጊዜ ጉሮሮ ነው የሚይዘው፣ ከዚያ ይበላል፤ የመጣበት ጉዳይ ሆዱ ነው። እግር መዘልዘል፣ ጆሮ መቅደድ፣ ሦስት ገድሎ ሳይበሉ መሄድ የውሻ ጨዋታ ነው። ያልቀበርካት ካለች ቆዳዋን ከንክሻው ላይ ግፈፍ። ከቆዳው ሥር ደም ከቋጠረ ስትነከስ በሕይወት ነበረች ማለት ነው። ንጹህ ከሆነ ሞታ ካደረች በኋላ ነው የነከሷት፤ ገዳዩ በሽታ ወይም ብርድ ሊሆን ይችላል።

የበጎቹ ጌታ፦
ቀበሮዋን እኮ በዓይኔ አይቻታለሁ! ትናንት ጎህ ሲቀድ ከበረቱ አጠገብ ቆማ ነበር።

ሳቂታው፦
ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ ነው ማለት ነው?

እረኛዋ፦
ሳቂታው ዛሬ ገና ቁም ነገር ተናገረ። ቀበሮ ሬሳ ሸትቷት ትመጣለች። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ዱካውን እይ። የውሻ ዱካ ክብና ጣቱ የተበተነ ነው፤ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። የቀበሮ ጠበብ ይላል፣ እግር በእግር ላይ እየረገጠ እንደ ክር ይሄዳል። ለማንኛውም ዛሬ ግልገሎቹን ቤት አስገባቸው። ክፍት በረት ውስጥ ነው አይደል የሚያድሩት?

የበጎቹ ጌታ፦
አዎ ክፍት ነው። አስገባቸዋለሁ። ዱካው ግን በበጎቹ ተረግጦ ጠፍቷል።

ስለ ስኮፑ ማንም ስላልመለሰልኝ በሳቂታው ምክር ማስተካከያውን 20 ጊዜ ወደ ግራ አዙሬዋለሁ። አንድ ቀጭታ (ሲዞር ቀጭ የሚለው) በ100 ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ነው ይላል ክዳኑ ላይ።

ጋሽ ዝምታ፦
ኧረ ቆይ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ። የጠየቅኩህን ዋናውን ነገር አልመለስክልኝም። ተሰብስበው ወይስ ተበታትነው? «ወደ ቀኝ 20» ያልከው ከአምስቱ የትኛውን ለክተህ ነው?

የበጎቹ ጌታ፦
3ቱ ወደ ቀኝ ናቸው፤ ግን እነሱም እርስ በርስ ይራራቃሉ። አንዱ ከታች ነው። አንዱ ካርቶኑንም አላገኘው። መሃለኛውን ነው የለካሁት።

ጋሽ ዝምታ፦
ስለዚህ ጠመንጃህ ወደ ቀኝ አልሳተም። በየአቅጣጫው ነው የሳተው። አሁን ካርቶኑ አጠገብ ሂድና ቀዳዳዎቹን በቅርብ እይልኝ። ክብ ናቸው?

የሌሊት ወፍ፦
እኔ ከስኮፑ ይልቅ ርቀቱን እንድታሳጥር እመክርሃለሁ። 100 ሜትር ላይ የምትተኩሰው ለምንድነው? ጠርተህ አቅርባት! የቆሰለ ጥንቸል ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ከሌለህ የእጅህን ጀርባ በከንፈርህ አጥብቀህ ምጠጥ። ጭጭ የሚል የአይጥ ድምፅ ይወጣል፤ ጸጥ ባለ ሌሊት ቀበሮ ከሩቅ ይሰማዋል። ቀስ ብለህ ጀምር፣ ትንሽ ዝም በል፣ ድገም። 20 ደቂቃ ጠብቀህ ካልመጣች ቦታ ቀይር። ነፋሱን አትርሳ፤ ዞራ በነፋሱ ሥር በኩል ልታሸትህ ትሞክራለች። መቀመጫህን የምትመርጠው እሷ የምትዞርበት ቦታ ከፊትህ ግልጽ እንዲሆን አድርገህ ነው። 40 ሜትር ላይ ከመጣችልህ የስኮፑ ስህተት ያን ያህል አይጎዳህም።

ባለ ብሎኑ፦
ብሎኑን አጥብቀህ እንደገና ሞክር።

የበጎቹ ጌታ፦
አይቻቸው መጣሁ። ሁለቱ ክብ ናቸው። ሁለቱ ግን ሞላላ ናቸው፣ የሎሚ ፍሬ ይመስላሉ። የአንዱ ጠርዝ በአንድ በኩል ጠቁሯል። ካርቶኑ ተቀዶ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ዝምታ፦
አገኘነው! ጥይቱ በአፍንጫው አይደለም የገባው፣ በጎኑ ነው። አየር ላይ ይንከራተታል። የጥይቱን ፓኬት አንብብልኝ። ስንት ግሬን (የእርሳሱ ክብደት) ይላል? ባለፈው ወር የተኮስከውስ?

የበጎቹ ጌታ፦
ይሄኛው 69 ይላል። ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ፤ ለሩቅ ዒላማ የሚሆን ምርጥ ጥይት ነው ብሎኝ። የድሮው 55 ነበር። ግን ሁለቱም .223 ናቸው እኮ፣ ያው አይደሉም?

ሳቂታው፦
«ጥይቱም ያው ነው» ብሎ ነበር። ለታሪክ ይመዝገብልኝ።

ጋሽ ዝምታ፦
ያው አይደሉም ልጄ። ስማቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ጠመንጃህ ውስጥ ይገባሉ። እርሳሱ (ተወንጭፎ የሚወጣው ጫፍ) ግን በክብደትም በርዝመትም ይለያያል። አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጥምዝ መስመር ጥይቱን እንደ እንዝርት ያሽከረክረዋል፤ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚያ ነው። እርሳሱ ሲረዝም ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል። አፈሙዝህ ላይ የተጻፈውን እይ። 1 ለ12 ካለ በ12 ኢንች አንድ ዙር ማለት ነው፣ ቀስ ያለ ነው። ለ55 ይበቃል። 69 ደግሞ 1 ለ9 ወይም ከዚያ የፈጠነ ይፈልጋል።

የበጎቹ ጌታ፦
1-12 ይላል። የቀን መቁጠሪያ መስሎኝ ነበር። ጋሼ እግርዎን ልሳም።

ጋሽ ዝምታ፦
እግሬን ተወውና አሁን እንዲህ አድርግ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጥ፣ መዝጊያውን አውጣ፣ ከኋላ ወደ ብርሃን እያየህ አፈሙዙ ውስጥ የቀረ ነገር እንደሌለ እይ። ስኮፑን ያዞርከውን 20 ቀጭታ መልስ፤ ስትመልስ ቁጠር። የመያዣውን ብሎኖች ነካ ነካ አድርገህ ፈትሽ፣ ተንሸራትቶ ስለነበር (ባለ ብሎኑ ደስ ይበለው)። ግን በሙሉ ኃይልህ አትጠምዝዝ፣ የስኮፑን ቱቦ ታደቅቀዋለህ። ከድሮው ጥይት ስንት ቀርቶሃል?

የበጎቹ ጌታ፦
4 ብቻ።

ጋሽ ዝምታ፦
2ቱን ካርቶን ላይ ተኩስ፣ ተኝተህ፣ ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አስደግፈህ። አብረው የድሮው ቦታ ካረፉ ሁለት ይቀሩሃል፤ ለአንድ ቀበሮ ከበቂ በላይ ነው። ካላረፉ ዛሬ አትወጣም። የሌሊት ወፍ የሰጠህ የርቀት ምክር ጥሩ ነው፣ ግን የሚንከራተት ጥይት 40 ሜትር ላይም አይታመንም። ሆዷን መትተህ ብትለቃት ጫካ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ስትሰቃይ ታድራለች። ይህን አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ጠዋት ያገኘኋት ጉድጓዷ አፍ ላይ ነው፣ ከውስጥ የቡችላ ድምፅ እየተሰማ። ከዚያ ወዲህ ባልተፈተነ ጠመንጃ ወጥቼ አላውቅም፤ በመራቢያ ወራትም ሴቷን አልነካም።

እረኛዋ፦
እኔ አሁንም ዛሬ ባትወጣ ደስ ይለኛል። ግልገሎቹ ቤት ከገቡ ምን ያስቸኩልሃል? በረቱ ላይ ራሱ የሚያነሳ ካሜራ እሰር፣ ማን እንደሚመጣ ሁለት ሌሊት እይ። የጎረቤት ውሻ ከሆነ መፍትሔው ጥይት ሳይሆን ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ነው። ቀበሮም ከሆነች ጥሩ የመንጋ ጠባቂ ውሻ ከጠመንጃ ይበልጣል። ናሚቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለአርቢዎች የአናቶሊያ ጠባቂ ውሾች ይሰጧቸዋል፤ ዓላማው በጉም አቦሸማኔውም እንዲተርፍ ነው።

ተመራማሪው፦
እኔም ይህንኑ ነበር ልል የነበረው። በመሠረቱ አውሬ በግዛቱ...

የበጎቹ ጌታ፦
2ቱን ተኮስኩ። ጎን ለጎን ናቸው፣ በአውራ ጣቴ ሁለቱንም ሸፈንኳቸው! ክብ ናቸው! ቦታቸውም የድሮው ነው። ግልገሎቹ ቤት ገብተዋል። እረኛዋ፣ አንዷን ግልገል ገፍፌ አየኋት፣ ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሯል። አሁን ማንን እንደምጠብቅ ራሴም ግራ ገብቶኛል። ለማንኛውም ሄጄ እቀመጣለሁ፣ ቢያንስ አያለሁ። ባትሪዬ ላይ ቀይ ላስቲክ አስሬበታለሁ። ነገ እነግራችኋለሁ።

ጋሽ ዝምታ፦
ከኋላዋ ምን እንዳለ ሳታይ አትተኩስ። ሜዳ ከሆነ አፈር ወይም ጉብታ ይሁን፣ ቤት ወይም መንገድ አይሁን። ሁለቱን የ69 ቀዳዳዎች ደግሞ ቆርጠህ አስቀምጥልኝ፣ ለልጆች አሳይበታለሁ።

ባለ ብሎኑ፦
ብሎኑን አጠበቅከው ወይስ አላጠበቅከውም?

እረኛዋ፦ (በማግስቱ)
እህሳ? ውሻ ነው ቀበሮ?

የሌሊት ወፍ፦ (ከ3 ቀን በኋላ)
ሰውየው በሰላም ነው?

ሳቂታው፦ (ከ3 ቀን በኋላ)
ቀበሮዋ ስልኩን ወስዳበት ይሆናል።

አዲስ ገቢ፦ (ከ5 ወር በኋላ)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ልክ ይሄው ችግር አለብኝ፣ የኔ ግን ወደ ግራ ነው የሚስተው። ጥይቱ ያው ነው። ስኮፑ ይሆን?