የጡት ካንሰር ሕክምናዬ አልቋል፣ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ከብግነት ይሆን?

ጥያቄ፣ ከማለዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለጡት ካንሰር ኦፕሬሽን ተደርጌ፣ ኬሞና ጨረር ወስጄ ከጨረስኩ ዓመት አልፎኛል። አሁን ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፌን የሚባል መድኃኒት በየቀኑ እውጣለሁ። በክትትሌ ካንሰሩ እንዳልተመለሰ ተነግሮኛል፤ ተመስገን። የቸገረኝ ድካሙ ነው።

ሥራ ሠርቼ የሚመጣ ድካም አይደለም። ሌሊቱን ተኝቼም ደክሞኝ ነው የምነሳው። ፀጉሬን ስታጠብ ክንዴ ይዝልብኛል፤ መሃል ላይ ቁጭ ብዬ አርፌ ነው የምጨርሰው። አንድ ገጽ አንብቤ ምን እንዳነበብኩ ይጠፋኛል። ሰው ደግሞ «ድነሽ የለ እንዴ፣ በርቺ እንጂ» ይለኛል።

በቅርቡ ደም ስመረመር ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ምልክት «ትንሽ ከፍ ብሏል» ተባልኩ። ሐኪሙ ብዙም አላሳሰበውም። እኔ ግን ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሥር የሰደደ ብግነት፣ ካንሰርና ድካም ተያይዘው አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። ካንሰሩን ያመጣብኝ ብግነት ነው? ድካሙስ ከእሱ ነው? ሲአርፒው ከፍ ያለው ካንሰሩ ሊመለስ ስለሆነ ነው? አንዲት የማውቃት ሴት የእርድ እንክብል እንድጀምር መክራኛለች፤ ልጀምር?

መልስ፣ ከዶ/ር ዮ. (የካንሰር ሐኪም)፦

እንደምን አሉ። ድካምዎ በሕክምናው ዓለም በደንብ የሚታወቅ ችግር ነው። ከሠሩት ሥራ ጋር አይመጣጠንም፤ በእረፍት አይለቅም፤ ሰውነትንም ስሜትንም ሐሳብንም አብሮ ይይዛል። አብዛኞቹ ሴቶች ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባሉት ወራት እየተሻላቸው ይሄዳል። ከሦስት ወይም ከአራት ሴቶች በአንዷ ላይ ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ስንፍና አይደለም፤ «በርቺ» በሚል ቃልም አይድንም።

ወደ ብግነት ልመለስ። ብግነት ወይም ኢንፍላሜሽን የምንለው ሰውነት ለቁስልና ለጀርም የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሥራውን ሲጨርስ መብረድ አለበት። ሳይበርድ ለወራትና ለዓመታት በዝግታ ሲቀጥል ነው ሥር የሰደደ የሚባለው። ሳያም፣ ሳያሳብጥም ሊኖር ይችላል።

ከካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት ዛሬ የተነሳ ሐሳብ አይደለም። ሩዶልፍ ቪርኾ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1863 በካንሰር ዕጢ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት አይቶ ጉዳዩን አንስቶታል። በአንዳንድ ካንሰሮች ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ጉበትን ለረጅም ጊዜ ሲያስቆጡት፣ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያም ጨጓራን ሲያስቆጣ ወደ ካንሰር ሊያመሩ ይችላሉ። የጡት ካንሰር ግን እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ከሁሉ በተሻለ የተጠናው ካረጡ በኋላ ያለ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። ስብ ሲከማች የስብ ሕዋሳት ከልክ በላይ ያብጡና ይሞታሉ። የመከላከያ ሕዋሳት ይከቧቸዋል፤ ብግነት ይነሳል። ይህ ብግነት አሮማቴስ የተባለውን ኢንዛይም ያበረታታል፤ እሱ ደግሞ ኤስትሮጅን ይሠራል። አብዛኛው የጡት ካንሰር የሚያድገው በኤስትሮጅን ነው። ሰንሰለቱ ይህ ነው። ግን ዕድሜ፣ ከቤተሰብ የሚወረስ ጂን፣ አልኮል፣ የወር አበባ የጀመረበትና የቆመበት ጊዜ፣ እነዚህም ሁሉ አሉበት። የእርስዎን ካንሰር ያመጣው ይህ ነው ብሎ ነጥሎ ሊነግርዎ የሚችል ሐኪም የለም። «ምን አድርጌ ይሆን?» እያሉ ራስዎን እንዳይቀጡ አደራ።

በድካሙ በኩል ያለው ማስረጃ ግን ጠንከር ያለ ነው። የመከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞች ይለቃሉ፤ ኢንተርሊውኪን 6 እና ቲኤንኤፍ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። መልእክቱ በደምና በነርቭ አንጎል ይደርሳል። አንጎልም «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ፣ ብቻህን ሁን» ይላል። ጉንፋን የያዘውን ሰው አልጋ ላይ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ ሳይሆን ይህ ትእዛዝ ነው። ካንሰሩ ራሱ፣ ኦፕሬሽኑ፣ ኬሞውና ጨረሩ ይህን መስመር ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደግሞ ሕክምናው ካለቀም በኋላ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ጁሊየን ባወርና ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ከጡት ካንሰር ከዳኑ ሴቶች መካከል ድካም ባልለቀቃቸው ላይ የብግነት ምልክቶች ከፍ ብለው ተገኝተዋል። ይህ የቡድን ልዩነት ነው። አንዲትን ሴት ደሟን አይቶ «ድካምሽ ከብግነት ነው» ለማለት አይበቃም።

ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። የድድ ቁስል፣ ጉንፋን፣ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። የጡት ካንሰር መመለሱን ለማወቅ አንጠቀምበትም። ትንሽ ከፍ ስላለ ብቻ እንቅልፍ አይጡ።

መልስ፣ ከሲስተር ሐ. (ነርስ)፦

ማለዳዬ፣ ዶክተሩ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። «ብግነት ነው» ብለሽ ከመደምደምሽ በፊት በቀላሉ ሊታከሙ የሚችሉት ነገሮች ይፈተሹልሽ። ብዙ ሴቶች «ካንሰር ነበረብኝ፣ ቢደክመኝ ምን ይገርማል» ብለው ዝም ይላሉ። ሐኪሙም እንዲሁ ሊያልፈው ይችላል። ከጀርባው ያለው ደግሞ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

የደም መጠንሽና የብረት ክምችትሽ ይታይ። ታይሮይድሽም እንደዚሁ፣ በተለይ ጨረሩ አንገትሽ ሥር አካባቢ ደርሶ ከነበረ። ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ቫይታሚን ቢ12 በዚያው ደም ይታያሉ። ከኬሞሽ ውስጥ ዶክሶሩቢሲን ከነበረ ወይም ትራስቱዙማብ የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ወስደሽ ከሆነ የልብሽ ጉዳይ አይረሳ። ሁለቱም ልብን ሊያደክሙ ይችላሉ።

እንቅልፍሽንም በዝርዝር ንገሪያቸው። ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ሌሊት ድንገት ሙቀት እየመጣባት በላብ ተነክራ ትነቃለች። ጠዋት ላይ «ተኝቻለሁ» ትላለች እንጂ እንቅልፏ ተቆራርጦ ነው ያደረው። ይህን ማስታገሻ መንገድ አለ። ድባቴና ጭንቀትም መጠየቅ አለባቸው። መድኃኒት የሚታዘዝልሽ ከሆነ ታሞክሲፌን እንደምትወስጂ አስታውሺያቸው፤ ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን የተባሉት የድባቴ መድኃኒቶች ታሞክሲፌን ወደሚሠራበት ቅርጽ እንዳይለወጥ ያግዱታል፣ ሌላ ምርጫ አለ።

ታሞክሲፌኑን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ። እሱ ነው የሚያደክመኝ ብለሽ ብታስቢም ለሐኪሙ ንገሪው እንጂ አትተዪው።

ደረጃ ስትወጪ ከበፊቱ ይበልጥ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እግርሽ ካበጠ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ የማይለቅ አዲስ የአጥንት ሕመም ወይም ያለምክንያት ክብደት መቀነስ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ።

መልስ፣ ከጽናት፦

እህቴ፣ እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ስለ ሳይንሱ ባለሙያዎቹ ተናግረዋል። እኔ የረዳኝን ልንገርሽ።

አንደኛው ነገር ማስታወሻ ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ድካሜን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር እየሰጠሁ፣ አጠገቡ ምን እንደሠራሁ እጽፍ ነበር። ደህና በሆንኩበት ቀን የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ እጨርስና ቀጣዮቹን ቀናት አልጋ ላይ እንደምውል ያየሁት እዚያ ደብተር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ደህና ቀንም ቢሆን ሥራውን ከፋፍዬ መሥራት፣ ሳይደክመኝ በፊት ማረፍ ለመድኩ። ቀን ላይ ስተኛ ደግሞ አጭር አደርገዋለሁ፤ ከረዘመ ሌሊቱን ይበላብኛል።

ሁለተኛው እግር ነው። ለደከመው ሰው «ተራመድ» ማለት ጭካኔ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ከበሩ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ብቻ ሄዶ መመለስም ይቆጠራል። መታጠፊያው ሲቀልልሽ ትንሽ ትጨምሪያለሽ። ድካሙ ከጨመረብሽ ትቀንሻለሽ፤ አትተዪውም።

መልስ፣ ከፊዚዮ ነኝ፦

የጽናት ምክር ከማስረጃው ጋር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017፣ 113 ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ ለካንሰር ድካም የአካል እንቅስቃሴና የሥነ ልቦና ድጋፍ ከመድኃኒት በልጠው ተገኝተዋል። የሚመከረው ግብ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ያህል፣ መካከለኛ ጥረት ያለው እንቅስቃሴ ነው፤ እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ማለት ነው። ለውጡ በደንብ የሚታየው ሦስት ወር ገደማ ሲሞላ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ አይቆረጥ። እዚያ ግብ ላይ ከመጀመሪያው ቀን አይጀመርም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። ከጡት ካንሰር የዳኑ 200 ሴቶች ተሳትፈውበታል። ለ12 ሳምንት ዮጋ የሠሩት ሴቶች፣ ሥልጠናው ካበቃ ከሦስት ወር በኋላ ድካማቸው ካልሠሩት ሴቶች ያነሰ ነበር፤ በደማቸው ያሉት የብግነት ምልክቶችም ቀንሰዋል። ብግነቱን የሚነካ መድኃኒት ለምትፈልጊው ላንቺ እኔ መጀመሪያ የምመርጠው ይህን ነው። በኦፕሬሽኑ በኩል ክንድሽ የሚያብጥ ከሆነ ግን ክብደት ከማንሳትሽ በፊት ባለሙያ ይየው።

መልስ፣ ከፋርማሲስቱ፦

ስለ እንክብሉ፦ አትጀምሪ። እርድ ምግብ ውስጥ ሲገባና ተጨምቆ በእንክብል ሲመጣ መጠኑ ፈጽሞ አይገናኝም። አነስተኛ በሆነ ጥናት የእርድ እንክብል ታሞክሲፌን የሚወስዱ ሴቶች ደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒቱን ዋና ሠሪ ቅርጽ መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። ቁንዶ በርበሬ የተቀላቀለበት ደግሞ ይበልጥ ቀንሶታል። አንዳንድ ሰዎች ላይ ጉበት እንደጎዳም ተመዝግቧል። ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚጠብቅሽን መድኃኒት ለምን ታደክሚያለሽ?

ብግነት የሚያበርደው አይቡፕሮፌንም ለሕመም ጥቂት ቀን ነው እንጂ ለወራት አይወሰድም፤ ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። አስፕሪንም ቢሆን ከ3,000 በላይ የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ አልረዳም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል።

ጥያቄ፣ ከሰላማዊት፦

ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። «ኢንፍላማቶሪ የጡት ካንሰር» የሚባለውስ ከዚህ ብግነት የሚመጣ ነው?

መልስ፣ ከዶ/ር ዮ.፦

አይደለም። ስሙን ያገኘው በመልኩ ነው። የካንሰር ሕዋሳት የቆዳውን የሊምፍ ቱቦዎች ሲዘጉ ጡቱ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። በእጅ የሚዳሰስ ጠጣር እባጭ ግን ላይኖር ይችላል። ከጡት ካንሰር ሁሉ ጥቂቱ ነው፤ ግን ይፈጥናል። የጡት ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ ካልተሻለ ሳይዘገይ ለካንሰር መመርመር ያስፈልጋል።

መልስ፣ ከአባወራው፦

እኔ የታማሚ ባል ነኝ። ባለቤቴን ለረጅም ጊዜ «ምን ልርዳሽ?» እያልኩ እጠይቃት ነበር። መልሷ ሁልጊዜ «ምንም» ነው። ጥያቄውን መመለስም ያደክማል ለካ። አሁን ሥራ ለይቼ ይዣለሁ፤ ልብስ ማጠብና የልጆች ትምህርት ቤት የእኔ ነው፣ ማንም አይጠይቃትም። ማለዳ፣ አብሮሽ የሚኖር ሰው ካለ ይህን ሁሉ መልስ አስነብቢው።

ከማለዳ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እንክብሉን ትቼዋለሁ። ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሐኪሙ ጊዜው አጭር ነው፤ ስገባ ምን ብዬ ልጀምር?

መልስ፣ ከሲስተር ሐ.፦

«ይደክመኛል» ብለሽ አትጀምሪ፤ ሁሉም ሰው ስለሚለው ያልፍሻል። «ድካሜ ከአሥር ሰባት ነው፣ ፀጉሬን ለመታጠብ መሃል ላይ አርፋለሁ፣ ከሕክምናው በፊት እንዲህ አልነበርኩም» በይው። ቁጥሩ የራስሽ ይሁን። ከአሥር አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ ሊመረመር ይገባዋል። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጽፈሽ ስጪው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምትገዢውንም ጭምር። የጽናትን ዓይነት ማስታወሻ ከዛሬ ጀምረሽ የጥቂት ቀኑን ይዘሽ ሂጂ። «የተለመደ ነው» ካለሽም «የትኞቹን ምክንያቶች አይተን አለመኖራቸውን አረጋግጠናል?» ብለሽ ጠይቂው። ያልታየ ካለ እዚያው የምርመራ ወረቀት እንዲጽፍልሽ አድርጊ። ውጤቱን ስታገኚ እዚህ ጻፊልን፤ አብረን እናየዋለን።