ለባሕር ዳር ሙቀት ስኩተር ይሻላል ሞተር?

ጥያቄ፦ የመሸንቲዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ የማስተምረው መሸንቲ። መንገዱ ቢበዛ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስካሁን በሚኒባስ ስመላለስ ቆየሁ። ጠዋት ሰልፍ፣ ከሰዓት ደግሞ ታክሲው እስኪሞላ መጠበቅ። በቃኝ፤ የራሴን ልገዛ ነው።

ጠዋት ስወጣ አየሩ ጥሩ ነው። ችግሩ መመለሻው ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስፋልቱ እንደ ምጣድ ይግላል። እኔን ያማረኝ ስኩተር ነው። ማርሽ የለውም፣ ቀሚስ ለብሼም እነዳዋለሁ፣ ደብተርና ቦርሳ ማስቀመጫ አለው። ባለቤቴ ግን “ስኩተር በሙቀት ይቃጠላል፣ ሞተር ግዢ” ብሎ ድርቅ አለ።

ከአስፋልቱ ወጥቼ ትምህርት ቤቱ እስክደርስ ጥቂት የጠጠር መንገድ አለ። ቁመቴ አጭር ነው። ሞተር ነድቼ አላውቅም፤ ብስክሌት ግን የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ አትጠይቁኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ? ሙቀቱንስ እንዴት ነው የምትችሉት?

መልስ፦ ጎረምሳው

አፓቼ። ጨርሰናል።

መልስ፦ መካኒክ ከደብረ ማርቆስ

እታለም፣ አፓቼ ጥሩ ሞተር ነው፤ ግን ለጀማሪ ጉልበቱ ይበዛል። ልጁን ተይው።

ባለቤትሽ ሞተር ማለቱ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን ስቷል። ስኩተር በፀሐይ አይቃጠልም። ፀሐይ ብቻዋን የገደለችው ሞተር እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም። የሚገድላቸው ያለቀ ዘይት፣ በአቧራ የታፈነ ፊልትሮና በሃይላንድ እየተቀዳ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን ነው። ያ ቤንዚን ላምባ ከተቀላቀለበት ኢንጂኑ ያንኳኳል፣ ከልክ በላይም ይግላል። ሰው ግን “ሙቀቱ ነው” ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ የምናገኛቸው ትንንሽ ሞተሮች አብዛኞቹ በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ ራዲያተር የላቸውም። ኢንጂኑ ዙሪያ ክንፍ ክንፍ ሆኖ የምታዪው ብረት ሙቀቱን ለነፋስ የሚያስረክብ ነው። ቴስታታው (የኢንጂኑ የላይኛው ክፍል) በሥራ ላይ እያለ ከ150 ዲግሪ በላይ ይግላል። ስለዚህ የውጪው አየር 20 ሆነ 30 ለእሱ ብዙ ልዩነት የለውም። ዋናው ነፋስ ማግኘቱ ነው። ከባሕር ዳር መሸንቲ እየሄድሽ ምንም አይሆንም። ጉድ የሚመጣው ሳታጠፊው ጥላ ስር ቆመሽ ወሬ ስትይዢ ነው። ከቆምሽ አጥፊው።

የስኩተር ኢንጂን በፕላስቲክ ስለተሸፈነ መንገዱ ላይ ያለው ነፋስ በቀጥታ አያገኘውም። ስለዚህ አብዛኞቹ የራሳቸው ፋን አላቸው። የፋኑን መግቢያ ጭቃና ገለባ ካልደፈነው ሥራውን ይሠራል። ደካማ ጎኑ ቺንጋው ነው። ስኩተር በካቴና ሳይሆን በጎማ ቺንጋ ነው የሚነዳው፤ ሙቀትና አቧራ ሲደራረብበት ቶሎ ያልቃል። ካቴና ቢበጠስ የትም ይቀጠላል። የስኩተር ቺንጋ ከተበጠሰ ግን ልኩን ካላገኘሽ መኪና ላይ ጭነሽው ነው የምትመለሽው።

እኔ ስኩተርን የማልመክርሽ ግን በጎማው ነው። የስኩተር ጎማ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 12 ኢንች ነው፤ የሞተር 17 ወይም 18። ትንሿ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፣ ትልቁ ያልፈዋል። ያቺ “ጥቂት የጠጠር መንገድ” ያልሻት ናት የምትጥልሽ። ከተማ ውስጥ ብቻ ቢሆን ውሎሽ፣ በዚያ ሜዳ በሆነ የባሕር ዳር አስፋልት፣ ስኩተር ግዢ ባልኩሽ ነበር።

ሌላም አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ሲሆን ኢንጂን ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ከወዲሁ ቀንሺው። ስለዚህ 50 ሲሲ የሚባል ነገር አትንኪ። ከ100 እስከ 125 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት (ዘይት ቤንዚኑ ውስጥ የማይቀላቀልበት)፣ ያንቺ ልክ ነው። ቦክሰር 100 ወይም ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስ 125 እይ። ሁለቱም መለዋወጫቸው ይገኛል፤ ቤንዚንም አይጨርሱም። ቁጭ ብለሽ ሁለቱም እግርሽ መሬት ካልነካ ግን የትኛውንም አትግዢ። ለዚህ ነው ረጅሙን ሆንዳ ኤክስኤል ያላልኩሽ፤ ጠጠር ላይ እሱን የሚያህል የለም፤ አንቺ ግን ስትቆሚ ትወድቂያለሽ።

መልስ፦ የደጀኑ

መካኒኩ ስለ ብረቱ ተናገረ፤ እኔ ስለ ሰውየው ልናገር። ሥራዬ አባይ በረሃ ያወርደኛል። ከደጀን ሕዳሴ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ማውለቅ ያምረዋል። እንዳያደርገው! ስለ ሙቀት ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እጅጌ አውልቆ የሚነዳ ሰው ፀሐይ ቆዳውን ይጠብሰዋል፣ ነፋሱ ላቡን ያደርቅበታል፤ ሳይታወቀው ውኃው ያልቃል። ከዚያ ራስ ምታት፣ ከዚያ መፍዘዝ። ሁለት ጎማ ላይ መፍዘዝ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

እህቴ፣ ሰፋ ያለ ባለ ረጅም እጅጌ ጥጥ ልበሺ። ሄልሜትሽ ነጭ ወይም ፈካ ያለ ቀለም፣ አየር ማስገቢያ ያለው ይሁን። “ሙቀት ነው” ብለሽ መሪው ላይ እንዳታንጠለጥይው። ከትምህርት ቤት ስትወጪ ሻሽሽን ውኃ ነክረሽ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊው፤ ነፋሱ ሲነካው እስከ ባሕር ዳር ያቀዘቅዝሻል። ውኃውን ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት ጠጪ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘሽ አትውረጂ። ማርሽ ቀንሺና ኢንጂኑ ይያዝልሽ። በረሃው ላይ ፍሬን ሸራቸው ግሎ አልይዝ ያላቸው ስንቶች አሉ! ስኩተር ደግሞ ማርሽ ስለሌለው ቁልቁለት ላይ ያለው አማራጭ በአብዛኛው ፍሬኑ ነው። ያንቺ መንገድ እንደ እኛው ቁልቁለት ባይሆንም ማወቁ አይከፋም።

መልስ፦ በኤሌክትሪክ የምሄደው

ኧረ ስለ ኤሌክትሪክ ማንም አላነሳም! ባሕር ዳር ውስጥ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው የምነዳው። የቤንዚን ሰልፍ የለም፣ ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም። የሚግል ማርሚታም (ጭስ ማውጫ) ስለሌለው ቀሚስሽም እግርሽም አይቃጠልም። ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር ለደህና ባትሪ ቀላል ነው። ግን ሻጩ “80 ይሄዳል” ካለሽ 50 ብለሽ አስቢው።

ሙቀት የሚጎዳው ባትሪውን ነው። ፀሐይ ላይ አታቁሚው፤ እንደገባሽም በትኩሱ ቻርጅ ላይ አትሰኪው። ከቀዘቀዘ በኋላ ማታ ሰኪው። ስትገዪ ሊቲየም ነው ወይስ አሲድ ባትሪ ብለሽ ጠይቂ። የአሲዱ ዋጋው ይረክሳል፤ ግን ከባድ ነው፣ በሙቀትም ቶሎ ይደክማል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ምን እንደምታደርጊ ደግሞ ቀድመሽ አስቢ። እኔ ለሥራ ቅርብ ስለሆንኩ በእግሬ እሄዳለሁ። አንቺ ከመሸንቲ በእግርሽ አትመጪም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ድምፅ የለውም። የገበያ ቀን ከብት እየነዳ የሚሄድ ገበሬ መምጣትሽን አይሰማም። ጥሩምባ ልመጂ።

ጥያቄ፦ የመሸንቲዋ መምህርት

እግዜር ይስጥልኝ። ስኩተሩን በጎማው ምክንያት ተውኩት፤ ባለቤቴ ግን ልክ ነበርኩ እንዳይል ምክንያቱን አልነግረውም። ኤሌክትሪኩ ልቤን ከፍሎት ነበር፤ ሰፈራችን መብራት ስለሚጠፋ ለጊዜው ይቆየኝ። ቦክሰር 100 ላይ ቁጭ ብዬ ሞከርኩት፤ እግሬ ይደርሳል። ያገለገለ አንድ አግኝቻለሁ። ምን ልይ? ዘይቱስ ምን ዓይነት ነው? ሻጩ የመኪና ዘይት ይበቃዋል አለኝ።

መልስ፦ መካኒክ ከደብረ ማርቆስ

የመኪና ዘይት እንዳታስገቢ። የሞተር ፍሪሲዮን (ማርሽ ስትቀይሪ ኢንጂኑን ከጎማው የሚያላቅቀው) የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ብዙ የመኪና ዘይት የሚያንሸራትት ነገር ስላለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል የሞተር ዘይት ደረጃ ፈልጊ። ኤምቢ የሚለው የስኩተር ነው። ለባሕር ዳር ሙቀት ውፍረቱ 20 ደብሊው 50 (20W-50) የሚለው ይስማማዋል። ዘይቱን በየሳምንቱ ቼክ አድርጊ፤ ስትለኪ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ በጎን ማቆሚያው አይዘንበል።

ልታዪው ስትሄጂ ሻጩ ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሪው። ኢንጂኑን በእጅሽ ንኪው፤ ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሺው። ቀዝቃዛው የሚደብቀው ነገር የለም። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል፤ ተመለሺ። ከዚያ ዞር ዞር ብለሽ ንጂው፣ አጥፊው፣ ትንሽ ቆይተሽ እንደገና አስነሺው። ሲግል አልነሳ የሚል ሞተር አለ፤ አንቺን ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያስቀርሽ እሱ ነው። ካቴናውን፣ የጎማውን ጥርስና ቸርኬውን እይ። ባትሪው ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ውኃው በሙቀት ይቀንሳል፤ የተጣራውን የባትሪ ውኃ ጨምሪ፣ የቧንቧ አይደለም።

ጎማ በጠዋት፣ ሳይነዳ፣ አስለኪ። በከሰዓት ሙቀት ነፋሱ ከፍ ብሎ ሲታይ ጎሚስታው “ላስተንፍሰው” ይልሻል፤ እሺ አትበይው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ነው ይበልጥ የሚግለው። ሰልባትዮውንም እስከ አፉ አታስሞይ፤ ቤንዚን ፀሐይ ላይ ይሰፋል።

መልስ፦ አያ ሰርተፊኬት

ሁላችሁም ስለ ብረት አወራችሁ፣ ስለ ወረቀት ማንም አላለም። መምህርት፣ ሊብሬው በሻጩ ስም መሆኑን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን ሳታዪ ብር አትስጪ። “ውክልና እሰጥሻለሁ” ብቻ ካለሽ ስም ማዛወሩ እስኪያልቅ ሙሉውን አትክፈዪ። የሞተር መንጃ ፈቃድ አውጪ፤ ብስክሌት መቻል አይቆጠርም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ሞተርንም ይመለከታል። የሞተር እንቅስቃሴ ላይ የሰዓት ገደብ ሊወጣ ስለሚችል ከመግዛትሽ በፊት ባሕር ዳርም መሸንቲም ጠይቂ።

መልስ፦ የደጀኑ

ሰርተፊኬት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ስለ ሙቀት ብዙ አወራን እንጂ ሰኔ ሲገባ መዘነጡ ያበቃል። ያቺ የጠጠር መንገድ ጭቃ ትሆናለች። አሁን ጎማ ከለወጥሽ ጥርሱ ሰፋ ያለውን አስገቢ። የዝናብ ልብስም ከአሁኑ ግዢ፣ ክረምት ላይ ይወደዳል።

መልስ፦ ጎረምሳው

እኔ አሁንም አፓቼ ነው የምለው።

መልስ፦ የመሸንቲዋ መምህርት

ቅዳሜ ጠዋት ላየው ነው፤ ሻጩ እንዳያሞቀው ነግሬዋለሁ። “ለምን?” ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም አልኩት። መካኒኬ፣ ቪዲዮ ቀርጬ ብልክልህ ድምፁን ሰምተህ ትነግረኛለህ?

መልስ፦ መካኒክ ከደብረ ማርቆስ

ላኪው። ስልኩን ከማርሚታው ሳይሆን ከኢንጂኑ አጠገብ ያዢው፤ መጀመሪያ ቤንዚን ሳትሰጪ፣ ቀጥሎ ቀስ ብለሽ እየጨመርሽ። ጭሱም እንዲታይ አንዴ ከኋላ ቅረጪው።